ጭሱ በየት ይውጣ?

ኪችን ሁድ ሊገዛ ሱቅ የገባ ሰው መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው መስታወቱና መብራቱ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ግን ቤቱ ሆኖ መመለስ ያለበት ጥያቄ አለ፦ የኩሽናዬ ጭስ በየት በኩል ይወጣል? የሚገዛውን ዕቃ ዓይነት የሚወስነው ይህ ነው።

ሁድ በሁለት መንገድ ይሠራል። አንዱ ከምድጃው የሚነሳውን እንፋሎት፣ ሽታና የቅባት ብናኝ ስቦ በቱቦ ወደ ውጭ ይጥላል። ሌላው ቅባቱን በብረት ፊልተር ያስቀርና ሽታውን በከሰል ፊልተር ቀንሶ አየሩን መልሶ እዚያው ክፍል ውስጥ ይለቀዋል። ይህ ሁለተኛው እንፋሎትንም ሙቀትንም አያስወጣም። የከሰል ፊልተሩ ደግሞ በአብዛኛው ታጥቦ የሚያገለግል ሳይሆን በየጥቂት ወሩ የሚቀየር ነው፤ መለዋወጫው እዚሁ ገበያ መኖሩን ሳያረጋግጡ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። የዶሮ ወጥ ሽንኩርት ውኃው እስኪመጥ ሲቁላላ፣ ከዚያ በርበሬውና ቅቤው ሲገባበት የሚነሳውን ለሚያውቅ ቤት፣ ግድግዳ መብሳት እስከተቻለ ድረስ ምርጫው ቱቦ ያለው ነው።

ገንዘቡም ትኩረቱም መዋል ያለበት ቱቦው ላይ ነው። ጥሩ ሁድ በመጥፎ ቱቦ ከተገጠመ ድምፅ ብቻ ይሆናል። ብዙዎቹ 15 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ቱቦ እንዲገጠምላቸው ሆነው ይሠራሉ። ግድግዳው ላይ የተገኘው ቀዳዳ ጠባብ ነው ተብሎ በ10 ሴንቲሜትር ከተተካ የአየር ማለፊያው ከግማሽ በታች ይወርዳል፤ ሞተሩም እየጮኸ የሚያወጣው ጥቂት ነው። ቱቦው አጭር ይሁን፣ መታጠፊያው ይነስ፣ ውስጡ ለስላሳ የሆነ ቆርቆሮ ይሁን። እንደ አኮርዲዮን የሚሳበው ተጣጣፊ ቱቦ ለገጣሚው ይቀላል፤ በየሽብሽቡ ግን ቅባት ይይዛል። ጫፉ ላይ ሁዱ ሲጠፋ የሚዘጋ ክዳን ያስፈልገዋል፤ ዝናብ ወደ ውስጥ እንዳይገባም ወደ ውጭ ትንሽ ዘንበል ይበል።

ጫፉን ከኮርኒስ በላይ ለቆ መሄድ ጭሱን ማውጣት ሳይሆን መደበቅ ነው፤ ቅባቱ እዚያ ተጠራቅሞ የእሳት መነሻ ይሆናል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ደግሞ ኩሽናው ወደ ጋራ መተላለፊያ የሚከፈት ከሆነ፣ ቱቦውን ወደዚያ ማውጣት የራስን ቁሌት ለጎረቤት በር ማድረስ ነው። ከመብሳት በፊት ከጎረቤትና ከማኅበሩ ጋር መነጋገር ይሻላል።

የመሳብ አቅም ካርቶኑ ላይ በሜትር ኩብ በሰዓት ይጻፋል። የተለመደው ስሌት የኩሽናውን ርዝመት፣ ወርድና ከፍታ አባዝቶ ውጤቱን በ10 ማባዛት ነው። 3 ሜትር በ2.5፣ ከፍታው 2.6 የሆነ ኩሽና 195 ይመጣል። ወጥ በብዛት ለሚሠራበት ቤት እኔ በ15 ባባዛው እመርጣለሁ፤ ወደ 300 ይጠጋል። ቱቦና መታጠፊያ አቅሙን ስለሚቀንሱ ከዚያ ከፍ ያለ መግዛት ተገቢ ነው፤ ለጠባብ ኩሽና 1,000 የሚል ግን ጩኸቱ ይበዛል። ወርዱ ቢያንስ የምድጃውን ያህል ይሁን። ሁዱ ሲሠራም መስኮት ወይም በር ትንሽ ይከፈት፤ የሚተካ አየር ካልገባ የሚወጣ የለም።

ከምድጃው እስከ ሁዱ ያለው ርቀት መመሪያው ላይ ተጽፏል፤ ብዙ ጊዜ ለኤሌክትሪክ 65 ሴንቲሜትር፣ ለጋዝ 75 ገደማ ነው። ሲወርድ ይቃጠላል፣ ሲርቅ ጭሱ በጎን ያመልጣል። ግድግዳው ውስጡ ባዶ ብሎኬት ከሆነ ተራ ፊሸር ክብደቱን ላይችል ይችላል፤ ለባዶ ብሎኬት የተሠራውን ይጠይቁ። ኤሌክትሪኩም ምድር መስመር ያለው ሶኬት ይሁን።

ሁድ የማይችለውም አለ። ምጣድ በአብዛኛው የሚቀመጠው ከምድጃው ራቅ ብሎ ስለሆነ የእንጀራው እንፋሎት አይደርሰውም፤ እንጀራ በብዛት የሚጋገርበት ቤት ግድግዳው ላይ ከምጣዱ በላይ ኤግዞስት ፋን ቢያስገጥም ይሻለዋል። ከሰልን በሚመለከት ደግሞ በዋዛ የሚታለፍ አይደለም፦ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ የከሰል ፊልተርም አያስቀረውም። ሁድ አለ ብሎ በተዘጋ ቤት ከሰል ማንደድ ይገድላል። ጋዝ ሲሸትም ሁዱን ማብራት አይገባም፤ ማብሪያው ብልጭታ ሊፈጥር ይችላል። ሲሊንደሩን ዘግቶ በርና መስኮት መክፈት ነው።

የብረት ፊልተሩ በወር አንዴ በሙቅ ውኃና በሳሙና ይታጠብ፤ ወጥ በየቀኑ የሚሠራበት ቤት ከዚያም ቶሎ። ማብራቱ ምድጃው ከመለኮሱ ጥቂት ደቂቃ ቀድሞ፣ ማጥፋቱም ከጨረሱ 10 ደቂቃ ያህል ቆይቶ ቢሆን ይመረጣል።

ገጣሚው ሒሳቡን ተቀብሎ ከመሄዱ በፊት አንድ ዘንግ ዕጣን ለኩሰው ከምድጃው የፊት ጠርዝ በላይ ይያዙት። ጭሱ ታጥፎ ወደ ሁዱ ከገባ ይስባል። ወደ ፊትዎ ከመጣ አንድ ሰው ውጭ ወጥቶ የቱቦው ክዳን መከፈቱን ይይ፤ ብዙ ጊዜ ስህተቱ እዚያ ይገኛል።