በአይጥ ጉበት የተገኘው ኢንዛይምና የኑግ ፋጉሎ መርዝ

አፍላቶክሲን በእህል፣ በለውዝ፣ በበርበሬና በከብት መኖ ላይ የሚያድጉ አንዳንድ ሻጋታዎች የሚያመነጩት መርዝ ነው። ዋነኛው ሻጋታ አስፐርጊለስ ፍላቨስ ይባላል። መርዙ መታወቅ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1960 በእንግሊዝ አገር ከ100,000 በላይ የቱርክ ዶሮዎች የተበከለ የለውዝ መኖ በልተው ካለቁ በኋላ ነው። ከዓይነቶቹ ሁሉ የከፋው ቢ1 የሚባለው ሲሆን፣ በሰው ላይ የጉበት ካንሰር እንደሚያስከትል ተረጋግጧል።

ጉዳዩ ለጎጃም አርሶ አደር ቅርብ ነው። ኑግ በአካባቢው የቆየ ሰብል ነው፤ ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው ፋጉሎ ለታላቢ ላም ተፈላጊ መኖ ነው። ፋጉሎው ርጥበት ባለበት ከተከማቸ ግን ይሻግታል። ላሟ ቢ1 ያለበትን መኖ ስትበላ ሰውነቷ መርዙን ኤም1 ወደሚባል ሌላ መርዝ ይለውጠውና በወተቷ ይወጣል። ወተቱን ማፍላት አያጠፋውም። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት 110 የወተት ናሙናዎችን መርምሮ፣ የኤም1 መጠኑ በሊትር ከ0.05 ማይክሮግራም ያልበለጠው በ9 ናሙናዎች ብቻ መሆኑን አሳይቷል። ይህ 0.05 ማይክሮግራም የአውሮፓ ኅብረት ለወተት ያስቀመጠው ጣሪያ ነው። በ29 ናሙናዎች መጠኑ ከ0.5 ማይክሮግራም በላይ ነበር። ከመኖዎቹም የኑግ ፋጉሎ ከስንዴ ፉርሽካ እጅግ የበለጠ መርዝ ተገኝቶበታል።

ቢ1 ጉበት ሲደርስ የጉበቱ ኢንዛይሞች ራሳቸው ይለውጡትና ኢፖክሳይድ የሚባል አደገኛ ቅርጽ ይይዛል። ኢፖክሳይዱ ከዲኤንኤ ጋር ሲጣበቅ ለካንሰር መነሻ የሚሆን ጉዳት ያደርሳል። ከውኃ ጋር የተዋሐደው ክፍል ደግሞ ዳይአልዲሃይድ ወደሚባል ቅርጽ ተለውጦ ከፕሮቲኖች ጋር ይጣበቃል። ጉበት ይህን ሁለተኛውን ቅርጽ የሚያመክንበት ኢንዛይም አለው፤ ስሙም አፍላቶክሲን አልዲሃይድ ሪዳክቴዝ ነው።

ኢንዛይሙ የታወቀው በአይጥ ነው። አይጥ በአፍላቶክሲን ክፉኛ የሚጎዳ እንስሳ ቢሆንም፣ ኢቶክሲኪን የሚባል የመኖ መጠበቂያ ሲመገብ መርዙን መቋቋም ይጀምራል። ኤሊስ፣ ጁዳ፣ ኒልና ሄይስ የተባሉ ተመራማሪዎች በእነዚህ አይጦች ጉበት ውስጥ የኢንዛይሙ መጠን ከፍ ማለቱን ተከታትለው፣ እ.ኤ.አ. በ1993 የኢንዛይሙን ዘረመል ለይተው በባክቴሪያ ውስጥ ማምረታቸውን አሳተሙ።

እንዲህ ያለው ፕሮቲን ሪኮምቢናንት ይባላል፤ የአንዱ ፍጡር ዘረመል በሌላው ሕዋስ ውስጥ ገብቶ የሚመረት ማለት ነው። በመጀመሪያ ከአይጡ ጉበት የዘረመሉ መልእክት ይወሰድና ወደ ዲኤንኤ ይገለበጣል። ቅጂው ፕላዝሚድ ከሚባል ቀለበት መሰል ዲኤንኤ ጋር ይቀጠልና ኢ. ኮላይ ወደተባለ ባክቴሪያ ይገባል። ባክቴሪያው በሞቀ ፈሳሽ ምግብ ውስጥ ሲራባ የአይጡን ኢንዛይም አብሮ ይሠራል። ከዚያ ሕዋሶቹ በድምፅ ሞገድ ይሰበራሉ፤ ኢንዛይሙም ከሌሎች ፕሮቲኖች ተጣርቶ በብርቱ ቅዝቃዜ ይቀመጣል። በዚህ መንገድ በየጊዜው አይጥ መግደል ሳያስፈልግ አንድ ዓይነት ጥራት ያለው ኢንዛይም በብዛት ይገኛል።

ኢንዛይሙ መሥራቱ የሚታየው በብርሃን ነው። ኢንዛይሙ ለሥራው ኤንኤዲፒኤች የሚባል ረዳት ሞለኪውል ይጠቀማል፤ ይህ ሞለኪውል 340 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለውን ብርሃን ይመጥጣል። ኢንዛይሙ ሲሠራ ረዳቱ ስለሚያልቅ የሚመጠጠው ብርሃን ይቀንሳል። ተመራማሪው ቅናሹን በየሰከንዱ እየለካ የኢንዛይሙን ፍጥነት ያሰላል፤ የተለያዩ ንጥረ ነገሮች ሥራውን ሲያግዱትም ይለያል። በሰው አካልም የዚሁ ቤተሰብ ኢንዛይሞች ስላሉ ከአይጡ የሚገኘው ዕውቀት ለእነሱም ጥናት መነሻ ይሆናል።

ኢንዛይሙ ግን የተሟላ ጋሻ አይደለም። ጉበታቸው ይህን ኢንዛይም አብዝቶ እንዲሠራ ዘረመላቸው የተለወጠ አይጦች ተፈትነው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ውጤት፣ ዳይአልዲሃይዱን የማምከኑ ሥራ ቢጨምርም ካንሰርን የሚቀድሙት የጉበት ለውጦች እንዳልቀነሱ አሳይቷል። ዋናውን ጉዳት የሚያደርሰው ኢፖክሳይድ ነው፤ ይህ ኢንዛይም ደግሞ እሱን አይነካውም።

በመሆኑም በባክቴሪያ የሚመረተው የአይጥ ኢንዛይም የምርምር መሣሪያ እንጂ ለሰውም ሆነ ለከብት የሚሰጥ መድኃኒት አይደለም። መከላከያው ያለው መኖው ከመሻገቱ በፊት ነው። በጎጃም ምድር ፋጉሎ የሚገዛ ላም አርቢ የደረቀውን መርጦ ይግዛ፤ ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ፣ ዝናብ በማይደርስበትና ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ያስቀምጥ፤ የሻገተውንም ለላሙ አይስጥ።