«መለካት» እና «መገመት»፦ የስማርት ሰዓት የኦክስጅን ቁጥር በአማርኛ

አንድ ተርጓሚ «ይህ የስፖርት ስማርት ሰዓት የኤሮቢክ አቅምን ይለካል» ብሎ ቢጽፍ፣ ዐረፍተ ነገሩ በሰዋስው ረገድ እንከን አይወጣለትም፤ በፍሬ ነገሩ ግን የተሳሳተ ነው። ስሕተቱ ያለው «ይለካል» በሚለው ግስ ላይ ነው።

አስቀድመን ስሙን እንመልከት። «ኤሮቢክ» የተገኘው «አየር» እና «ሕይወት» የሚል ትርጉም ካላቸው ሁለት የግሪክኛ ቃላት ነው፤ ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1863 ያለ አየር የማይኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያንን ሰይሞበታል። ቃል በቃል «የአየር አቅም» ብንለው ግን አንባቢው የሳንባ ስፋት ሊመስለው ይችላል። ጽንሰ ሐሳቡ ሰውነት በብርቱ እንቅስቃሴ ጊዜ በደቂቃ ሊጠቀምበት የሚችለው የመጨረሻው የኦክስጅን መጠን በመሆኑ፣ «ከፍተኛ የኦክስጅን ፍጆታ» የሚለውን ስያሜ እንመርጣለን። መጠኑም ለአንድ ኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት በደቂቃ ስንት ሚሊ ሊትር እንደሚውል ተቈጥሮ ይገለጻል።

ይህ መጠን የሚለካው በቤተ ሙከራ ነው። ሯጩ ጭንብል አጥልቆ በመሮጫ ማሽን ላይ እስኪዝል ድረስ ይሮጣል፤ የሚያስገባውና የሚያስወጣው አየር ተመርምሮ የተጠቀመበት ኦክስጅን ይታወቃል።

ሰዓቱ ግን ኦክስጅኑን አያገኘውም። በአረንጓዴ ብርሃን አማካይነት ከእጅ አንጓ ላይ የልብ ምትን ይቈጥራል፤ ፍጥነትን ደግሞ ከሳተላይት ይቀበላል። በሜዳ ላይ በደቂቃ 200 ሜትር የሚሮጥ ሰው፣ በተለመደው ቀመር መሠረት፣ 43.5 ሚሊ ሊትር ያህል እንደሚያስፈልገው ይታሰባል። የልብ ምትና የኦክስጅን ፍጆታ ተቀራርበው ስለሚያድጉ፣ ሰዓቱ ከዚህ ተነሥቶ ልብ የመጨረሻ ምቱ ላይ ቢደርስ ፍጆታው ስንት እንደሚሆን ያሰላል። የመጨረሻው ምት ራሱ ብዙውን ጊዜ ከ220 ላይ ዕድሜን በመቀነስ የሚገኝ ነው፤ ይህም ከሰው ሰው በ10 ምትና ከዚያም በላይ ሊዛነፍ ይችላል።

ስለዚህ ለሰዓቱ ሥራ ተገቢው ግስ «መገመት» ነው። ቃሉ የዘፈቀደ ንግግርን ብቻ ያመለክታል ብለው የሚሠጉ ይኖራሉ፤ ነገር ግን በአሥራት ዘመን ገማቹ ያልታጨደውን አዝመራ አይቶ ምርቱን ይተምን ነበር። ግምቱ ከሚታየው ወደማይታየው የሚደረስበት መንገድ እንጂ ከአውድማ በኋላ በቁና የተሰፈረ እህል አልነበረም። ሰዓቱም ገማች ነው፤ ሰፋሪው ቤተ ሙከራው ነው።

ልዩነቱ የቃላት ምርጫ ብቻ አይደለም። የልብ ምትን የሚያቀዘቅዝ መድኃኒት የሚወስድ ሕመምተኛ ሲሮጥ ምቱ ዝግ ስለሚል፣ ሰዓቱ አቅሙን ከእውነተኛው አብልጦ ሊያሳየው ይችላል። «ተለካ» የሚል ትርጉም ያነበበ ሰው ቁጥሩን አምኖ ከዐቅሙ በላይ ሊሮጥ ይችላል፤ «ተገመተ» የሚል ያነበበ ግን ሐኪሙን ለመጠየቅ ምክንያት ያገኛል።

ስለሆነም ለቤተ ሙከራው «መለካት»፣ ለሰዓቱ «መገመት»፣ ለሰዓቱ ቁጥርም «የከፍተኛ ኦክስጅን ፍጆታ ግምት» የሚሉት ስያሜዎች እንዲሠራባቸው እናሳስባለን።