የጀርባ አንጓ፥ ድካምና ኩላሊት
የካይሮፕራክተሮች አሳብ ሲመረመር

ካይሮፕራክተሮች ለሕሙማን በሚያሳዩት የታወቀ የአከርካሪ ሥዕል ላይ፥ ከእያንዳንዱ አንጓ ትይዩ አንድ የሰውነት ክፍል ተጽፏል፤ በጎኑም አንጓው ከቦታው ቢዛነፍ ይከተላሉ የሚባሉት ሕመሞች ተዘርዝረዋል። ከደረት አንጓዎች በ10ኛው ትይዩ የሚነበበው ኩላሊት ነው፤ ከተዘረዘሩትም ሕመሞች መካከል የኩላሊት መቈጣትና የማይለቅ ድካም ይገኛሉ። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህን አንድ መሥመር ነው። አሳቡ ከየት መጣ? በውስጡስ ያለው እውነት ምን ያህል ነው? ከእውነትስ የሚለየው በየትኛው ደረጃ ላይ ነው? ነገሩ የክርክር ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ለወራት ድካም ያልለቀቀው ሰው አስቀድሞ ወዴት መሄድ እንደሚገባው የሚወስን ጥያቄ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

የሙያው መነሻ

ካይሮፕራክቲክ የሚለው ስም ከግሪክኛ የተወሰደ ሲሆን ትርጓሜው «በእጅ የተሠራ» ማለት ነው። የሙያው መሥራች ዳንኤል ዴቪድ ፓልመር በ1845 ዓ.ም. በካናዳ ተወለደ። ወደ አሜሪካ ከተሻገረ በኋላ አስተማሪና ባለግሮሰሪ ሆኖ ሠራ፤ ኋላም በማግኔት ኀይል እፈውሳለሁ እያለ ሕሙማንን ይቀበል ነበር። በ1895 ዓ.ም. በአዮዋ ግዛት በዳቬንፖርት ከተማ ሃርቪ ሊላርድ የተባለ ጆሮው የደነቈረ የሕንፃ ጽዳት ሠራተኛ አገኘ። ፓልመር በጀርባው ላይ ያበጠ የመሰለውን አንጓ በእጁ ገፍቶ ወደ ቦታው ብመልሰው የሰውየው መስማት ተመለሰለት ሲል ተናገረ። የአካል ጥናት የሚያስተምረው ግን የመስሚያው ነርቭ ከጆሮ ተነሥቶ በራስ ቅል ውስጥ በቀጥታ ወደ አንጎል የሚገባ መሆኑንና በጀርባ አንጓዎች መካከል የማያልፍ መሆኑን ነው።

ይህ ችግር ፓልመርን አላገደውም። በ1897 ዓ.ም. ትምህርት ቤት ከፈተ፤ በ1910 ዓ.ም. ባሳተመው ትልቅ መጽሐፍም ከመቶ ሕመሞች 95ቱ ከቦታቸው ከተዛነፉ የአከርካሪ አንጓዎች ይመጣሉ ብሎ ጻፈ። መዛነፉን ሰብለክሴሽን ብሎ ጠራው። በሰው ውስጥ ተፈጥሯዊ የሆነ አዋቂ ኀይል አለ፤ ይህም ኀይል በነርቮች መንገድ ወደ ብልቶች ይወርዳል፤ አንጓ ሲዛነፍ መንገዱ ይታወካል፤ ብልቱም ይታመማል የሚል ነበር ትምህርቱ።

አጥንትን በእጅ ማቃናት ራሱ አዲስ ነገር አልነበረም። አንድሩ ቴይለር ስቲል በዚያው በአሜሪካ ኦስቲዮፓቲ የተባለውን ሙያ በ1874 ዓ.ም. አስተዋውቆ ነበር። በአገራችንም ወጌሻ የወለቀውን ይመልሳል፤ የተሰበረውን ያቃናል። ፓልመር የጨመረው አዲስ ነገር፥ አጥንትን ማቃናት የአጥንትን ሕመም ብቻ ሳይሆን የብልትን ሁሉ ሕመም ይፈውሳል የሚለውን ነው። ልጁ ባርትሌት ጆሹዋ ፓልመር (1882–1961) ይህን አሳብ አስፋፋው፤ ሰውነትንም እንደ ቀበሌ ከፋፍሎ እያንዳንዱን ክፍል ለአንድ አንጓ የሚመድብ ሥርዓት ተዘጋጀ። ኩላሊት ለ10ኛው የደረት አንጓና ለአካባቢው የተመደበው በዚህ ሥርዓት ነው።

የአሳቡ ሰንሰለት

የካይሮፕራክተሮቹን አሳብ በቅንነት ብንዘረዝረው አራት ቀለበቶች ያሉት ሰንሰለት ሆኖ እናገኘዋለን። አንደኛ፥ ከመካከለኛው ጀርባ ተነሥተው ወደ ኩላሊት የሚሄዱ ነርቮች አሉ። ሁለተኛ፥ በአቀማመጥ ጉድለት፥ በመውደቅ ወይም በሸክም የዚያ አካባቢ አንጓ ሊዛነፍና ነርቩን ሊጫን ይችላል። ሦስተኛ፥ ነርቩ ሲታወክ ኩላሊት ሥራውን ያጓድላል። አራተኛ፥ ኩላሊት ሥራውን ሲያጓድል ቆሻሻ በደም ውስጥ ይከማቻል፤ ሰውየውም ይደክማል። እንግዲህ አንጓው ቢስተካከል ድካሙ ይለቃል ማለት ነው።

ሰንሰለቱ የሚያሳምን የሚመስለው የመጀመሪያውና የመጨረሻው ቀለበት እውነት ስለ ሆኑ ነው። የተበላሹት መካከለኞቹ ናቸው።

በመጀመሪያው ቀለበት ያለው እውነት

የሰው አከርካሪ ከአንገት 7፥ ከደረት 12፥ ከወገብ 5፥ በድምሩ 24 የሚንቀሳቀሱ አንጓዎች አሉት፤ ከነዚህም በታች የተጣበቁት የዳሌና የጭራ አጥንቶች ይገኛሉ። በየሁለቱ አንጓዎች መካከል በግራና በቀኝ ነርቭ ይወጣል። ሲምፓቴቲክ የተባሉት የኩላሊት ነርቮች በአብዛኛው ከኅብለ ሠረሠር የሚነሡት ከ10ኛው የደረት ክፍል ጀምሮ እስከ 1ኛው የወገብ ክፍል ባለው ስፍራ ነው። ከዚያም በሆድ ውስጥ ባሉ የነርቭ ቋጠሮዎች በኩል አልፈው የኩላሊትን የደም ሥር ተከትለው ይገባሉ። ስለዚህ ሥዕሉን የሠሩት ሰዎች ቦታውን የመረጡት እንዲያው በዘፈቀደ አይደለም።

ነገር ግን የነርቮቹ ሥራ ምንድን ነው? ሁለቱ ኩላሊቶች ልብ ከምትረጨው ደም አንድ አምስተኛ ያህሉን ይቀበላሉ። በእያንዳንዳቸው ውስጥ አንድ ሚሊዮን ገደማ ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉ፤ በአንድ ቀንም 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ያጣራሉ፤ ከዚህ ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ሊትር ብቻ ሽንት ሆኖ ሲወጣ የቀረው ወደ ደም ይመለሳል። ይህን ሁሉ የሚያንቀሳቅሰው የደም ግፊት እንጂ የነርቭ ትእዛዝ አይደለም። ነርቮቹ የደም ሥሮችን ያጠብባሉ፤ ጨው እንዳይባክን ያደርጋሉ፤ ሬኒን የተባለው ንጥረ ነገር እንዲመነጭ ያዝዛሉ። ሰው ሲደማ ወይም ሲደነግጥ ይህ በጣም ይጠቅማል። በምሳሌ ብንናገር፥ ነርቩ ለኩላሊት ልጓም ነው እንጂ እግር አይደለም።

ሰንሰለቱ የሚበጠስበት ቦታ

ሁለተኛውን ቀለበት በዬል ዩኒቨርሲቲ የአካል ጥናት መምህር የነበረው ኤድመንድ ክሬሊን በ1973 ዓ.ም. በጻፈው ጽሑፍ ፈትኖታል። ከሞቱ ብዙ ሰዓት ካልሆናቸው ሰዎች አከርካሪ ወስዶ በመሣሪያ እየተጫነና እያጠማዘዘ ተመለከተ። አከርካሪው ለመሰበር እስኪቃረብ ድረስ ቢገፋ እንኳ አንጓው በመካከሉ የሚወጣውን ነርቭ ሊጫነው አልቻለም። በርግጥ በአንጓዎች መካከል ያለው ለስላሳ ዲስክ ሲያፈነግጥ ነርቭን የሚጫንበት ጊዜ አለ፤ ይሁን እንጂ ያን ጊዜ የሚታየው በነርቩ መሥመር የሚሄድ ሕመም፥ መደንዘዝ ወይም የጡንቻ መስነፍ ነው፤ የኩላሊት በሽታ አይደለም።

ሦስተኛውን ቀለበት የሚበጥሰው ማስረጃ ከሁሉ የበረታ ነው። በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. በቦስተን ከተማ ዶክተር ጆሴፍ መሪና ባልደረቦቹ ከአንድ ሰው ኩላሊት አውጥተው ለመንታ ወንድሙ አስገቡለት። ኩላሊት ከሰው ወደ ሰው ሲዛወር የደም ሥሩና የሽንት ቱቦው ይሰፋል፤ ነርቮቹ ግን ተቈርጠው ይቀራሉ፤ የሚቀጥላቸውም የለም። ያም ሆኖ ኩላሊቱ ደሙን አጣራ፤ ሽንትም ሠራ፤ ታማሚውም ስምንት ዓመት ኖረ። ዶክተር መሪ ለዚህ ሥራው በ1990 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። በአገራችንም ይኸው ሕክምና በ2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ተጀምሯል። ነርቩ ፈጽሞ ተቈርጦ ኩላሊት የሚሠራ ከሆነ፥ በትንሽ መዛነፍ ነርቩ ስለ ታወከ ኩላሊት ታመመ ለማለት እንዴት ይቻላል?

ከዚህም በላይ በ2023 ዓ.ም. የአሜሪካ የምግብና የመድኀኒት መሥሪያ ቤት የኩላሊትን ነርቮች ሆን ብለው የሚያቃጥሉ ሁለት መሣሪያዎችን ፈቅዷል። ዓላማው በመድኀኒት በሚገባ ያልወረደውን የደም ግፊት መጠነኛ በሆነ መንገድ ዝቅ ማድረግ ነው። ፓልመር የሕመም ሁሉ ምንጭ ያደረገው የነርቭ መታወክ እዚህ ላይ ሕክምና ሆኖ ይገኛል።

ተቃዋሚ፥ «ኅብለ ሠረሠራቸው የተጐዳ ሰዎች ኩላሊታቸው ይታመም የለምን?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። አዎን፥ ብዙዎቹ ይታመማሉ። ምክንያቱ ግን ፊኛቸው በሚገባ ስለማይታዘዝ ሽንት ተጠራቅሞ ወደ ኋላ ስለሚገፋና ስለሚመረዝ ነው። ፊኛቸው በጊዜው በቱቦ ሲራገፍ ኩላሊታቸው ይጠበቃል፤ ስለዚህ ይህም ምሳሌ ለሥዕሉ ምስክር ሊሆን አይችልም።

ግንኙነቱ በሌላ መንገድ ነው

እንግዲህ ጀርባ፥ ድካምና ኩላሊት ምንም አይገናኙም ማለታችን ነውን? አይደለም። ይገናኛሉ፤ ነገር ግን መንገዱም አቅጣጫውም ሌላ ነው።

የኩላሊትና የድካም መንገድ ደም ነው። ኩላሊት ኤሪትሮፖይቲን የተባለ ሆርሞን ያመነጫል፤ ይህም መቅኔ ቀይ የደም ሕዋሳትን እንዲሠራ ያዝዛል። ኩላሊት ለረጅም ጊዜ ሲጐዳ ሆርሞኑ ያንሳል፤ ደም ማነስ ይመጣል፤ ቆሻሻውም በሰውነት ይከማቻል፤ በዚህ ምክንያት ሰውየው ይዝላል።

የኩላሊትና የጀርባ መንገድ ነርቭ ነው፤ ዳሩ ግን መልእክቱ የሚሄደው ከኩላሊት ወደ ላይ ነው። የኩላሊትን ሕመም የሚያደርሱት ነርቮች የጎንንና የብሽሽትን ቆዳ ስሜት ከሚያደርሱት ጋር ወደ አንድ የኅብለ ሠረሠር ክፍል ይገባሉ። አንጎልም ሁለቱን አጥርቶ መለየት ስለማይችል የኩላሊት ጠጠር ያለበት ሰው ከጎኑ ወደ ብሽሽቱ የሚወርድ ሕመም ይሰማዋል። እንግሊዛዊው ሐኪም ሄንሪ ሄድ የዚህን ዐይነት የሕመም ቀበሌዎች በ1893 ዓ.ም. አሳትሟል፤ ይኸውም ፓልመር ሊላርድን ከማግኘቱ በፊት ነው። እንግዲህ ከጎድን አጥንት በታች ሲነካ የሚያም ቦታ ያገኘ ካይሮፕራክተር አንዳንድ ጊዜ እውነተኛ ምልክት አግኝቶ ይሆናል፤ የሚሳሳተው ውጤቱን እንደ ምክንያት አድርጎ ሲያነበው ነው።

በእኛም ቋንቋ ወገቡንና ጎኑን የታመመ ሰው ወዲያው «ኩላሊቴን አመመኝ» ይላል። አብዛኛው እንዲህ ያለ ሕመም የጡንቻና የመገጣጠሚያ ነው፤ በአንጻሩ ቀስ በቀስ የሚደክም ኩላሊት ብዙውን ጊዜ ምንም ሳያሳምም ይቈያል። ስለዚህ የጎን ሕመም መኖሩ የኩላሊት በሽታን አያስረዳም፤ አለመኖሩም ጤንነትን አያረጋግጥም። ይህን የመሰለ አነጋገር ባለበት አገር የሥዕሉ አሳብ ቶሎ ሰሚ ሊያገኝ እንደሚችል መገንዘብ ይገባናል።

ታዲያ ከካይሮፕራክተር ቤት ሲወጡ ድካማቸው የቀለላቸው ሰዎች ይዋሻሉን? አይዋሹም። ድካም ከእንቅልፍ ማጣት፥ ከትካዜ፥ ከደም ማነስ፥ ከስኳር በሽታ፥ ከሳንባ ነቀርሳ፥ ከታይሮይድ መስነፍና ከሌላም ብዙ ምክንያት ይመጣል፤ በራሱም ይከብዳል፥ ይቀላል። ሰው ወደ ሐኪም የሚሄደው በከበደበት ቀን ነውና ከዚያ በኋላ መቅለሉ አይገርምም። የተኮማተረ ጡንቻ ሲፍታታ፥ ችግርን በትዕግሥት የሚሰማ ሰው ሲገኝም ልብ ያርፋል። ዕረፍቱ እውነት ነው፤ የኩላሊት መዳን ማስረጃ ግን አይሆንም።

ለሙያው የሚገባውን ስንሰጥ

ፍርዳችን ሚዛናዊ እንዲሆን ሌላውንም ወገን መናገር አለብን። አከርካሪን በእጅ ማንቀሳቀስ ለታችኛው ጀርባ ሕመም መጠነኛ ጥቅም እንዳለው፥ ጥቅሙም ከሌሎች ከተለመዱ ሕክምናዎች ጋር ተመጣጣኝ እንደ ሆነ ጥናቶች አሳይተዋል። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅም በ2017 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ለጀርባ ሕመም ከሚመረጡት መካከል አስገብቶታል። የሐኪሞች ማኅበርም ሁልጊዜ በቅን መንገድ አልተከራከረም፤ በ1987 ዓ.ም. አንድ የአሜሪካ ፍርድ ቤት ማኅበሩ ካይሮፕራክተሮችን ለማግለል ያደረገው አድማ ከሕግ ውጭ ነው ብሎ ፈርዷል። በሌላው በኩል የእንግሊዝ ካይሮፕራክተሮችን የሚቈጣጠረው ምክር ቤት በ2010 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ፥ ሰብለክሴሽን የታሪክ አሳብ መሆኑንና በሽታን ያመጣል ለማለት የሚያበቃ የሕክምና ማስረጃ እንደሌለው አስታውቋል። ስለዚህ የምንነቅፈው ሙያውን በሞላ ሳይሆን ከጀርባ ሕመም ዐልፎ ኩላሊትን እፈውሳለሁ የሚለውን ክፍል ነው።

ጉዳቱና የሚገባው መንገድ

የተሳሳተ አሳብ የሚያስከትለው ዋና ጉዳት ጊዜን መብላቱ ነው። ኩላሊትን በብዛት የሚጐዱት የስኳር በሽታና የደም ግፊት ናቸው፤ ሁለቱም በጊዜ ቢታወቁ ጉዳቱን ማዘግየት ይቻላል። ምርመራውም ረቂቅ አይደለም፤ የደም ግፊትን መለካት፥ ሽንትን ለፕሮቲን መመርመር፥ በደም ውስጥ ያለውን ክሪያቲኒንና ስኳር ማየት ነው። ጎንን ከማመም ጋር ትኵሳት፥ ማንቀጥቀጥ ወይም ደም የቀላቀለ ሽንት ከታየ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ጉዳት ከመግፋቱ ከራሱ ይመጣል። ፐርሲቫል ፖት በ1779 ዓ.ም. የገለጸው የአከርካሪ ነቀርሳ በብዛት የሚይዘው የታችኛውን ደረትና የላይኛውን ወገብ አንጓዎች፥ ማለት ሥዕሉ ለኩላሊት የመደበውን ስፍራ ነው። ነቀርሳ በሚገኝበት በአገራችን ድካም፥ ክሳት፥ የሌሊት ላብና የመካከለኛ ጀርባ ሕመም በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ጀርባውን መግፋት አደገኛ ነው፤ ነቀርሳ የበላው አጥንት ቢሰበር ኅብለ ሠረሠርን ሊጐዳና እግርን ሊያሽመደምድ ይችላልና። በካንሰር ወይም በዕድሜ የሳሳ አጥንትም እንደዚሁ ነው።

ከዚህ ምርመራ ተማሪዎች የምንወስደው ትምህርት ከአንድ ሥዕል በላይ ነው። አንድ አሳብ በእውነት ጀምሮ በእውነት ስለ ጨረሰ ብቻ እውነት አይሆንም፤ እያንዳንዱ ቀለበት ለብቻው መፈተን አለበት። የደከመ ዘመድ ወይም ጓደኛ ምክር ሲጠይቀን፥ አስቀድሞ ሽንቱንና ደሙን እንዲያስመረምር መንገር፥ ጀርባው ካመመውም እንዲያ ከተረጋገጠ በኋላ እንዲታሽ መፍቀድ፥ የሚበጀው ቅደም ተከተል ይህ ነው እንላለን።