ከቤት ሆኖ መሥራትና የሥራ ውጤታማነት

የኮሮና ቫይረስ በሽታ (ኮቪድ-19) በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። በዚያው ወር ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ አብዛኞቹ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ሠራተኞችም ከቤታቸው ሆነው እንዲሠሩ ተወሰነ። በሽታው በዋናነት የሚተላለፈው ከታመመ ሰው አፍና አፍንጫ በሚወጡ ፍንጣቂዎች ስለሆነ፣ ሰው የሚበዛባቸው ቢሮዎች፣ የሠራተኛ ሰርቪሶችና ታክሲዎች ለሥርጭቱ ምቹ ናቸው።

ይሁን እንጂ ብዙ ኃላፊዎች “ከቤቱ ሆኖ በእርግጥ ይሠራል ወይ?” ብለው ይጠይቃሉ። ይህ ጥያቄ የጤናም ጥያቄ ነው። ሥራው ከተጓተተ መሥሪያ ቤቱ ሠራተኞቹን ያለጊዜው ወደ ቢሮ ለመጥራት ይገደዳል፤ መከላከያውም በዚያው ይላላል።

ጥናት ምን ያሳያል?

የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው የምጣኔ ሀብት ተመራማሪ ኒኮላስ ብሉምና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2010 እና 2011 በቻይና የጉዞ ወኪል በሆነው በሲትሪፕ ኩባንያ ለ9 ወራት ሙከራ አካሂደዋል። ፈቃደኛ የስልክ መልስ ሰጪ ሠራተኞች በዕጣ መልክ ለሁለት ተከፍለው፣ ግማሾቹ በሳምንት አራት ቀን ከቤት፣ ሌሎቹ ዘወትር ከቢሮ ሠሩ። ከቤት የሠሩት ውጤት በ13 በመቶ በለጠ። የጭማሪው አብዛኛው ክፍል የመጣው የእረፍት ሰዓትና የሕመም ፈቃድ በመቀነሱ ነበር። ሥራ የሚለቁትም በግማሽ ያህል ቀነሱ።

ሆኖም የተሳታፊዎቹ ሁኔታ ልብ ሊባል ይገባል። ለብቻ የሚሠሩበት ክፍልና አስተማማኝ ኢንተርኔት ነበራቸው፤ ሥራውን ቀድመው ያውቁታል፤ የእያንዳንዳቸውም ውጤት በቁጥር ይለካል። እንዲያም ሆኖ ሙከራው ሲያበቃ ግማሽ ያህሉ ወደ ቢሮ መመለስን መርጠዋል፤ ከዋና ምክንያቶቻቸው አንዱ ብቸኝነት ነበር።

በወረርሽኝ ወቅት ሁኔታው ይለያል

በኮቪድ-19 ወረርሽኝ ወቅት ከቤት ይሠራ የነበረው ሰው መርጦ አልገባበትም። በአንድ ክፍል ውስጥ ቤተሰቡ በሙሉ ይውል ነበር፤ ልጆች ትምህርት ቤት አይሄዱም ነበር፤ መብራት ይጠፋ ነበር፤ የሞባይል ዳታም ከኪስ ይገዛ ነበር። የቤት ሥራና የልጆች እንክብካቤ በአብዛኛው በሴቶች ላይ ስለሚወድቅ ጫናው በእነርሱ ላይ ይበረታል። በእንዲህ ያለ ሁኔታ ሥራ ቢዘገይ የስንፍና ምልክት ተደርጎ መወሰድ የለበትም። የጎደለውን ነገር ለይቶ ማሟላት ይቀድማል።

ከአሠሪዎች የሚጠበቅ

• ሥራን በተቀመጡበት ሰዓት ሳይሆን በውጤት መለካት፤ በሳምንቱ መጀመሪያ የሚጠበቀውን ሥራ በግልጽ ማሳወቅ።
• ኮምፒውተር ማዋስና የስልክና የኢንተርኔት ወጪን መጋራት።
• በየቀኑ አጭር የስልክ ግንኙነት ማድረግ፤ ከሥራ ሰዓት ውጭ አለመደወል።
• ትንንሽ ልጆች ላሏቸውና ሕመምተኛ ለሚያስታምሙ ሠራተኞች የሥራ ሰዓትን ማመቻቸት።
• ቤቱ ፈጽሞ የማይመቸው ሠራተኛ ካለ አካላዊ ርቀት ተጠብቆ በፈረቃ ቢሮ የሚገባበትን መንገድ መፈለግ።

ከሠራተኞችና ከቤተሰብ የሚጠበቅ

• የሥራ መጀመሪያና ማብቂያ ሰዓት መወሰንና ለቤተሰብ ማስታወቅ።
• ጠባብ ቢሆንም አንድ ቋሚ ቦታ ለሥራ መለየት።
• ትኩረት የሚጠይቀውን ሥራ ቤቱ ጸጥ በሚልበት ሰዓት፣ ለምሳሌ በማለዳ፣ ማከናወን። መብራት በማይኖርበት ጊዜ የሚሠራ ሥራ አስቀድሞ ማዘጋጀት።
• በየመሐሉ ተነሥቶ መንቀሳቀስ፤ ከባልደረቦች ጋር መደዋወል።
• የቤት ሥራን ባልና ሚስት፣ አቅም ያላቸው ልጆችም ጭምር፣ መከፋፈል።

የታመመ ሰው ማረፍ አለበት

ከቤት መሥራት የሕመም ፈቃድን አይተካም። ትኩሳት፣ ሳል ወይም የመተንፈስ ችግር የተሰማው ሠራተኛ ለኃላፊው አሳውቆ ሥራውን ማቆም፣ ራሱን ከቤተሰቡ መለየትና ወደ ነጻ የስልክ መስመር 8335 መደወል ይኖርበታል። ሕመሙን ደብቆ መሥራት ማገገሙን ያዘገያል፤ አብረውት የሚኖሩትንም ለአደጋ ያጋልጣል።

የጤና ባለሙያው፣ ሾፌሩ፣ የጉልት ነጋዴዋና የቀን ሠራተኛው ከቤታቸው ሆነው ሊሠሩ አይችሉም። ዕድሉ ያለው ሰው ሥራውን ከቤት ሆኖ በአግባቡ ባከናወነ ቁጥር፣ እነርሱ በሚሳፈሩበት ታክሲና በሚሰለፉበት ቦታ መጨናነቁ ይቀንስላቸዋል።