ረሃብ ቀድሞ የሚደርስበት ዕጢ

በኦሞራቴና በዙሪያዋ ባሉ የዳሰነች ቀበሌዎች የሕፃናት የምግብ እጥረት ሲነሳ፣ ጉዳዩ ዘወትር የሚለካው በክብደትና በክንድ ዙሪያ ነው፤ ይሁን እንጂ ረሃብ ፈጥኖ ከሚጎዳቸው የአካል ክፍሎች አንዱ ሚዛንም ሆነ የክንድ መለኪያ የማይደርስበት፣ ከደረት አጥንት ጀርባ ከልብ ከፍ ብሎ የተቀመጠው ታይመስ የተባለ ዕጢ ነው። በልጅነት ትልቅ ሆኖ ከጉርምስና በኋላ እየሟሸሸ የሚሄደው ይህ ዕጢ፣ ቲ ሴል የሚባሉት የበሽታ መከላከያ ሕዋሳት የሚበስሉበት፣ ከእነርሱም መካከል የገዛ አካልን ሊያጠቁ የሚችሉት ተለይተው የሚወገዱበት ስፍራ ነው።

አውስትራሊያዊው ሐኪም ፍራንክ በርኔት እንዲህ ያሉ ሕዋሳት ገና በዕድገት ላይ ሳሉ መጥፋት አለባቸው የሚለውን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሲያቀርብ፣ የታይመስ ሥራ ምን እንደሆነ አልታወቀም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1961 ዣክ ሚለር ታይመሳቸው ገና በተወለዱ ጊዜ የወጣ አይጦች ተላላፊ በሽታን መቋቋም እንደሚያቅታቸው አሳየ፤ በ1987 ደግሞ ጆን ካፕለርና ፊሊፓ ማራክ ከባልደረቦቻቸው ጋር ራስን አጥቂዎቹ ሕዋሳት እዚያው ታይመስ ውስጥ እንደሚጠፉ በአይጦች ላይ አረጋገጡ።

አሠራሩ ጥቂት መዘርዘር ይገባዋል። ከመቅኔ የሚመጣው ለጋ ሕዋስ ባዕድ ነገርን የሚለይበትን መቀበያ የሚሠራው የዘረመል ቁርጥራጮችን በዘፈቀደ እየገጣጠመ ስለሆነ፣ ገና ያልታየ ተሕዋስን የሚለይ መቀበያ እንደሚገኝ ሁሉ የገዛ ቆሽትን ወይም የገዛ ነርቭን የሚያጠቃም መገኘቱ አይቀርም። በዕጢው ውጫዊ ክፍል የራስ አካል ሕዋሳት ፕሮቲን የሚያሳዩበትን ምልክት ፈጽሞ ማንበብ የማይችለው ቲ ሴል ይሞታል፤ ማንበብ ችሎ ከራስ ፕሮቲን ጋር ከልክ በላይ አጥብቆ የሚጣበቀውም እንዲሁ ይሞታል። በውስጠኛው ክፍል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1997 የተገኘው ኤየር የተባለ ዘረመል በሌላ ቦታ የማይጠበቅ ሥራ ይሠራል፤ ይኸውም የታይመስ ሕዋሳት በቆሽት የሚመረተውን ኢንሱሊን የመሳሰሉ የሩቅ አካላት ፕሮቲኖችን በጥቂቱ እንዲያመርቱ በማድረግ፣ ለጋው ቲ ሴል ከዕጢው ሳይወጣ ከእነርሱ ጋር እንዲፈተን ያስችላል። ይህ ዘረመል ተበላሽቶ የሚወለዱ ልጆች የገዛ መከላከያቸው ሆርሞን አመንጪ ዕጢዎቻቸውን እያጠቃ ያወድማቸዋል። ወደ ታይመስ ከገቡት መካከል ከአሥር ዘጠኙ በላይ በሕይወት አይወጡም፤ ከዚህ ሁሉ ያመለጡትን ጥቂት አጥቂዎች ደግሞ ሌሎች ተቆጣጣሪ ቲ ሴሎች ይገቷቸዋል፤ ሺሞን ሳካጉቺ፣ ሜሪ ብራንኮና ፍሬድ ራምስዴል የ2025ን የኖቤል ሽልማት ያገኙትም በዚህ ግኝት ነው።

እንዲህ ያለ ምርጫ የሚቻለው ለጋዎቹ ሕዋሳት ለሞት ቅርብ ሆነው በመሠራታቸው ሲሆን፣ ረሃብም የሚገባው በዚሁ በር ነው። የተራበ ሕፃን አካል ኮርቲሶል የተባለውን የጭንቀት ሆርሞን ያበዛል፣ ከስብ የሚመነጨውና ለጋ ቲ ሴሎችን የሚደግፈው ሌፕቲን ይቀንሳል፤ በዚህም ምክንያት ራስን አጥቂ የሆኑትም ጠቃሚ የሆኑትም ሳይለዩ በጅምላ ያልቃሉ፣ ዕጢውም ይኮማተራል።

በታችኛው ኦሞ ይህ አደጋ ከወንዙ ጋር የተሳሰረ ነው። ዳሰነቾች ከከብት እርባታ ጎን ለጎን ሙላት ሲሸሽ በሚቀረው እርጥብ ደለል ላይ ማሽላና በቆሎ ሲዘሩ ኖረዋል፤ በነሐሴ 1998 ዓ.ም. የደረሰው ጎርፍ 364 ሰዎችን ገድሏል፤ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ከተመረቀው የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ ወዲህ ወንዙ እንደ ቀድሞው በየዓመቱ አይሞላም፤ በቅርብ ዓመታት ደግሞ ከድርቁ ሌላ የቱርካና ሐይቅ ከፍ ማለትና የወንዙ መውጣት መንደሮችንና የግጦሽ መሬትን አጥለቅልቆ ብዙ ሺህ ሰዎችን አፈናቅሏል። ወተትና እህል በአንድነት ሲታጡ ቀድሞ የሚጎዳው ታይመሱ በሥራ ላይ ያለው ሕፃን ነው።

ኢትዮጵያ በሕክምናው በኩል የምትኮራበት ሥራ አላት፤ የከፋ የምግብ እጥረት ያለበትን ልጅ ሆስፒታል ሳያስተኙ፣ ቤቱ ሆኖ እንደ ፕላምፒናት ባለ አልሚ ምግብ ማከም ከተጀመረባቸው ቀዳሚ ስፍራዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2000 የሀድያው በደዋቾ ወረዳ ነበር። ዛሬ በጤና ኬላ የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ ሕፃን ሕክምናውን ይጀምራል፣ ልኬቱ ሲያገግም ይሰናበታል። ሆኖም በቦሊቪያ ታይመስን በአልትራሳውንድ እየለኩ የተደረገው ክትትል እንዳሳየው፣ ክብደት በአንድ ወር ገደማ ሲመለስ ታይመሱ የሚመለሰው በሁለት ወር ገደማ ነው፤ በጋምቢያ ገጠር ደግሞ በረሃብ ወራት የተወለዱት ሰዎች ለአቅመ አዳም ከደረሱ በኋላ በተላላፊ በሽታ ይበልጥ እንደሚሞቱ ታይቷል። በአገራችንም የኢትዮጵያና የኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመው ጥናት፣ ጤነኛ ኢትዮጵያውያን አዋቂዎች ገና ለውጊያ ያልተሰለፉ ቲ ሴሎች ከኔዘርላንዳውያን ያነሱ ሆነው ተገኝተዋል፤ ስለዚህ በልጅነት የሚጠራቀመው ስንቅ በዋዛ የሚታይ አይደለም።

ክንዱ ወፍሮ ከኦሞራቴ ጤና ኬላ የተሰናበተ ልጅ፣ ታይመሱ ገና ሳይሞላ ወደ ኩፍኝ፣ ወደ ወባና ወደ ደፈረሰው የወንዝ ውኃ የሚመለስ ከሆነ ሕክምናው በግማሽ ቀርቷል ማለት ይቻላል፤ ስለሆነም የአልሚ ምግቡን ክትትል ቢያንስ በአንድ ወር ማራዘም፣ የኩፍኝ ክትባቱንና የአጎበር እደላውንም ከዚሁ ወር ጋር ማያያዝ የወረዳውና የዞኑ ጤና ቢሮዎች ያለ አዲስ መሣሪያ ሊጀምሩት የሚችሉት ሥራ ነው።