እጅ ሳይገባ የሚከፈል ግብር

ድሬዳዋን ለሁለት የሚከፍላት ደቻቱ ነው፤ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ብቻ ሆኖ የሚከርም ወንዝ። በአንዱ ዳር ከዚራ አለ፤ የምድር ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ በቀጥታ መስመር የተቀየሰ፣ ጥላ ዛፍና ቢሮ የበዛበት ሰፈር። በሌላው ዳር መጋላ አለ፤ በመጋላም ቀፊራ። በቅስት በሮቹ ስትገቡ ቅመሙ፣ ሽንኩርቱ፣ ሰፌዱና ጫቱ በየመደቡ ተደርድሯል፤ ኦሮምኛው፣ ሶማልኛው፣ አማርኛውና ሐረሪው በአንድ ሂሳብ ላይ ይከራከራሉ። ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ገበያው ጭር ይላል፤ ሲበርድ እንደገና ይሟሟቃል።

ስለ ግብር ለመናገር ይህን ቦታ የመረጥኩት ሁለቱ ዳሮች መንግሥትን በሁለት ዓይነት መንገድ ስለሚያውቁት ነው። የምድር ባቡሩ፣ የስሚንቶና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎቹ፣ ትምህርት ቤቱና ቢሮው ያፈሯቸው ሰዎች ደመወዝተኞች ናቸው፤ ግብራቸው እጃቸው ሳይገባ ይቆረጣል። የቀፊራ ባለሱቅ ግን ገንዘቡን ከሳጥኑ አውጥቶ፣ ቆጥሮ፣ ተሰልፎ ይከፍላል። ያየውን ብር ነው የሚሰጠው።

የደመወዝተኛው ግብር አሠራር እንዲህ ነው። ግብሩ የሠራተኛው ነው፤ የሚሰበስበው ግን ቀጣሪው ነው። ቀጣሪው ሂሳቡን ሠርቶ ይቀንሳል፣ ወር በወር ለገቢዎች ያስገባል፣ ቀሪውን ለሠራተኛው ይከፍላል። መቀነስ ሲገባው ካልቀነሰ፣ ወይም ቀንሶ ካላስገባ፣ ዕዳው በራሱ ላይ ይወድቃል። መንግሥት በየቤቱ ግብር ሰብሳቢ መላክ ሳያስፈልገው፣ አንድ የሂሳብ ሠራተኛ የመቶዎችን ግብር በአንድ ቀን ይጨርስለታል።

ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የገቢ ግብር አዋጅ ማሻሻያ የ10,000 ብር ደመወዝ ያላትን መምህርት እንውሰድ። የመጀመሪያው 2,000 ብር ነፃ ነው። ቀጣዩ 2,000 ላይ 15 በመቶ፣ ማለትም 300 ብር ይቆረጣል። ከ4,000 እስከ 7,000 ባለው ላይ 20 በመቶ፣ 600 ብር። በመጨረሻው 3,000 ላይ 25 በመቶ፣ 750 ብር። ድምሩ 1,650 ብር ነው። በዚህ ላይ ለጡረታ 7 በመቶ፣ 700 ብር ይቀነሳል። እጇ የሚገባው 7,650 ነው። በዓመት የሥራ ግብሯ ብቻ 19,800 ብር ይሆናል። ይህን ቁጥር አፏ ላይ ያላት መምህርት ግን ብዙም አላጋጠመችኝም። የወር ገቢዋን ስትጠየቅ የምትነግረን ከተቆረጠ በኋላ ያለውን ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው። የማይታይ ግብር ሳይታይ ያድጋል። ከማሻሻያው በፊት የነበረው አዋጅ 979/2008 ከግብር ነፃ ያደረገው 600 ብርን ብቻ ነበር፤ 35 በመቶው ደግሞ ከ10,900 ብር በላይ ይጀምር ነበር። በ2008 ዓ.ም. 10,900 ብር የትልቅ ኃላፊ ደመወዝ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሠንጠረዡ ሳይነካ ዋጋው ሁሉ ናረ፤ ደመወዝም የኑሮውን ያህል ባይሆን እንኳ ከፍ አለ። ሠራተኛው የሚገዛው ዕቃ ሳይጨምር ከአንዱ እርከን ወደ ሌላው ተገፋ። አዲስ አዋጅ አልወጣም፤ ግብሩ ግን ጨመረ። ያቺው መምህርት በዚያ ሠንጠረዥ ብትሆን በወር 2,045 ብር ይቆረጥባት ነበር።

በዚያው ዘመን ነጋዴው ምን አደረገ? በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ለአነስተኛ ነጋዴዎች አዲስ የቀን ገቢ ግምት ሲወጣ፣ በአዲስ አበባና በበርካታ የኦሮሚያ ከተሞች ሱቆች ተዘጉ፤ ግምቱ ከአቅማችን በላይ ነው ያሉ ሰዎች የገቢዎች ቢሮዎችን በቅሬታ አጨናነቁ። ግምቱ ትክክል ነበር አልነበረም የሚለው ሌላ ክርክር ነው። ነጋዴው ግን ቁጥሩን በወረቀት አየው፣ ተቆጣ፣ ጠየቀ። ደመወዝተኛው የተጨመረበትን የሚያይበት ወረቀት አልነበረውም።

ቀፊራም ከዚህ አሠራር ሙሉ በሙሉ ውጭ አይደለችም። አንድ ነጋዴ ለዩኒቨርሲቲ ወይም ለሆስፒታል መጋረጃና ምንጣፍ ሲያቀርብ ገዢው ሂሳቡን ሙሉውን አይሰጠውም። በ2008ቱ አዋጅ ከ10,000 ብር በላይ ከሆነ የዕቃ ግዢ 2 በመቶ ቀንሶ ያስቀር ነበር፤ ሻጩ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ከሌለው ቅናሹ 30 በመቶ ይደርስ ነበር። ነጋዴው ይህንን «ዊዝሆልዲንግ» ይለዋል፤ ደረሰኙንም እንደ ገንዘብ ያስቀምጠዋል፤ ዓመቱ ሲዘጋ ከሚፈለግበት ግብር ላይ ይታሰብለታልና። የተቀነሰበትን የሚያውቅ ሰው የሚመለስለትንም ያውቃል።

በጥሬ ገንዘብ በሚሆነው ግብይት ግን ሌላ ነገር አለ። «አቦ፣ በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» የሚለው ጥያቄ ለማንም የድሬ ሸማች አዲስ አይደለም። ያለ ደረሰኝ ሲሆን 15 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስ ይቀራል፤ ገዢና ሻጭ ይጠቀማሉ፤ የሚጎዳው በቦታው የለም። ይህን ስግብግብነት ብሎ ማለፍ ታሪኩን መዝለል ነው። የምሥራቁ ሰው ለረጅም ዘመን መንግሥትን ያወቀው በኬላ ነው፤ በባቡሩ ከጅቡቲ የመጣውን ጨርቅ ከእጁ በሚነጥቀው ፊናንስ ፖሊስ በኩል። ወሳጁን እንጂ ሰጪውን ካላየ ለምን በፈቃዱ ይክፈል?

ሰጪውን የሚያሳይ ነገር ግን እዚያው ቀፊራ አጠገብ አለ። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ሌሊት ላይ ደቻቱ ድንገት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ገደለ፤ ቤትና ሱቅ ጠረገ። ከዚያ በኋላ በዳርቻው የጎርፍ መከላከያ ግንብ ተሠራ። ያን ግንብ አንድ ነጋዴ ብቻውን፣ አንድ ዕድርም ቢሆን አይሠራውም። ክረምት በመጣ ቁጥር ወንዙን በፍርሃት የሚያይ የድሬ ሰው የጋራ ገንዘብ ምን እንደሆነ ከማንም በላይ ሊገባው ይችላል፤ ግንቡን የሚጠብቀው ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ የሚነግረው ካገኘ።

ቀንሶ መያዝ ይቅር አልልም። አሜሪካ በ1943፣ እንግሊዝ በ1944 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ በጦርነቱ ወጪ ተገደው ወደዚህ አሠራር የገቡት ስለሠራ ነው። ስዊዘርላንድ ግን አብዛኛው ዜጋዋ ደመወዙን ሙሉውን ተቀብሎ ግብሩን ራሱ እንዲከፍል ትታለች፤ ያው ሕዝብ ስለ ግብሩ መጠን በድምፁ ይወስናል። እኛ ወደዚያ መሄድ ባንችል እንኳ ቢያንስ ማሳየት እንችላለን።

ቀድሞ ሠራተኛው ደመወዝ ሲቀበል ፔሮል ላይ ይፈርም ነበር፤ በስሙ አንፃር ግብሩ፣ ጡረታው፣ መዋጮው በየዓምዱ ተጽፎ ያየዋል። ዛሬ ደመወዙ በባንክ ይገባል፤ ስልኩ ላይ የሚመጣው መልእክት የተጣራውን ብቻ ይናገራል። የድሬዳዋ አስተዳደር ለመምህራኑ፣ ለነርሶቹና ለጽሕፈት ቤት ሠራተኞቹ የደመወዝ ወረቀት በየወሩ ቢሰጥ፣ የተቆረጠውንም ከዓመቱ መጀመሪያ ጀምሮ ደምሮ ቢጽፍ፣ ወጪው ከአንድ ገጽ ወረቀት አይበልጥም። ያቺ መምህርት የቀበሌ ስብሰባ ላይ ስለ ትምህርት ቤቷ ጣሪያ ስትጠይቅ 19,800 ብር ከፍያለሁ ብላ መጀመር ትችላለች።