አጋምን ግቢ ብታስገቡትስ?

መዓዛው የሚያውድ አበባ ፈልጋችሁ ችግኝ ጣቢያ ከመሄዳችሁ በፊት ዳገቱን ቀና ብላችሁ እዩ። በከሚሴ ዙሪያ ፍየሎች በሚውሉበት ቁጥቋጦ መሐል እንዲህ ያለ አበባ አለ፤ አጋም! አዎ፣ ያው ልብስ የሚቀደው አጋም፣ በኦሮምኛ አገምሳ የሚባለው።

አጋም ስሙ የጠፋው በእሾሁ ነው። የተጠጋው ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል ተብሎ ተተርቶበታል፤ እየወጋ ነጭ ወተቱን ስለሚያፈስሰው። የሚገርመው አጋም ራሱም ሲቆረጥ ነጭ ወተት ያነባል።

አበባው ግን ሌላ ነው። ከውስጥ ነጭ፣ ከውጭ ቀላ ያለ፣ ሽታው ጃስሚንን የሚያስንቅ (ለእኔ አፍንጫ ይበልጣል)። ፍሬው መጀመሪያ ይቀላል፣ ሲበስል ይጠቁራል፤ ጣዕሙን እረኞች ያውቁታል። ቅጠሉም ዓመቱን ሙሉ አይረግፍም።

ከሚሴ ከባሕር ወለል በላይ 1,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሙቀቱም ደረቁ ወራትም ለአጋም የለመደው ኑሮ ነው። ጥቁሩን ፍሬ ልጣችሁ ዘሩን እጠቡና ሳይሰነብት ዝሩት፤ ከቆየ የመብቀል ኃይሉ ይቀንሳል። በመጀመሪያው በጋ ውኃ አትከልክሉት፤ ሥር ከሰደደ ራሱን ይችላል። ፀሐይ የሚመታው ቦታ ስጡት፤ ጥላ ውስጥ አበባው ይሳሳል።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ። አጋም የሚያብበው በቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ነው። አጥሩ ቀጥ እንዲልለት በየሳምንቱ መቀስ የሚያነሳ ሰው፣ እንቡጡን ሳይፈካ እየቀጠፈ "አጋሜ አላብብ አለ" ይላል። ፍሬው ካለቀ በኋላ አንዴ መግረዝ ይበቃል። እሾሁ እንደሆን ሌባንም ፍየልንም ይመልሳል፤ ልጆች ከሚሮጡበት መተላለፊያ ብቻ አርቁት።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በሀገራችን ደረቅ ዳገቶች ምረንዝ የሚባል የአጋም ዘመድ ይበቅላል። አበባው እንደዚሁ ያውዳል፣ ፍሬውም ይጠቁራል። ነገር ግን የምሥራቅ አፍሪካ አዳኞች ፍላጻቸውን የሚመርዙት በእርሱ ነው፤ መርዙ ልብን ያቆማል። ምረንዝ እሾህ የለውም። ስለዚህ ለዘር ብላችሁ ፍሬ ስትለቅሙ መጀመሪያ እሾሁን ፈልጉ፤ ካጣችሁት አትቅመሱ፣ ወደ ቤትም አታምጡት።